ስለ ተመራማሪ ወሰንየለሽ ሀብተ ማርያም ዕረፍትና ስለ አርባ አንዱ ቅጾች የወጣ ሁለተኛ መግለጫ

ከባርታ የማኅበራዊ ጥናት ማዕከል፣ ቦንጋ

ለማዕከሉ ሠራተኞችና አባላት፣ በካፋ ዞን ለምትገኙ የሥራ ባልደረቦች፣ ለመላው ሕዝብ

ማዕከላችንን ከ2005 እስከ 2009 ዓ.ም. በተመራማሪነት ያገለገሉት ወ/ሮ ወሰንየለሽ ሀብተ ማርያም ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ በትውልድ ከተማቸው በደካ ተፈጽሟል። ማዕከሉ በዕረፍታቸው ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። ከሐዘኑ ጋር ኀፍረት አለብን፤ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ መግለጫ እንድናወጣ ያስገደደንም ኀፍረቱ ነው።

የመጀመሪያው መግለጫ በቀብሩ ዕለት መነበብ ተጀምሮ ነበር። ሳይደበቅ ለመናገር፣ ያ ጽሑፍ ከዚህ ቀደም ለሌላ ባልደረባ ከወጣ መግለጫ ላይ ስምና ቀን ተቀይሮ በአንድ ከሰዓት የተዘጋጀ ነው። “ማዕከሉ ለሟቿ የምርምር ሥራ ያልተቆጠበ ድጋፍ ሲያደርግ ቆይቷል” የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። ተወካያችን እዚያ ላይ ሲደርሱ የሟቿ ታላቅ ወንድም ጋሽ ዋለ ሀብተ ማርያም ከለቀስተኛው መካከል ተነሥተው እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

“ይበቃል፣ እጠፉት። እህቴን በሐሰት ወረቀት አትቅበሯት” አሉ።

ተወካያችን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ይዘነው የሄድነው የአበባ ጉንጉንም ከመኪናው ሳይወርድ ከእኛው ጋር ወደ ቦንጋ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን የሟቿ ልጅ ወ/ሮ ፀደንያ ፍቃዱ የቤተሰቡን መልእክት በጽሑፍ ላኩልን። መልእክቱ አጭር ስለሆነ እንዳለ እናሰፍረዋለን። “እማዬ አርባ አንዱን ቅጽ ማን እንደሞላ ታውቅ ነበር። እኛም እናውቃለን፤ ግን እኛ አንናገርም። ሐዘናችሁን የምንቀበለው ስሙን ራሳችሁ ጽፋችሁ፣ በአርባዋ ቀን የመንደሩ ሰዎች ባሉበት ስታነቡት ነው። ያለዚያ ባትመጡ ይሻላል።”

ይህ መግለጫ ለዚያ መልእክት የተሰጠ መልስ ነው። ኅዳር 18 ቀን በደካ ይነበባል።

ወ/ሮ ወሰንየለሽ ሀብተ ማርያም በ1964 ዓ.ም. በደካ ከተማ ከወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ አባታቸውና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትሁት ዮሴፍ ተወለዱ። በቤት አማርኛ፣ በሰፈር ካፊኖኖ እየተናገሩ አደጉ። ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የደረሱበት መንገድ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ እኛም ለዓመታት ይህንኑ እንደ ነውር ስንቆጥርባቸው ኖረናል።

ከ1984 እስከ 1990 ዓ.ም. በቢታ ገነት አካባቢ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። ስለዚህ ጊዜ ለማዕከላችን ባስገቡት የሥራ ማመልከቻ ላይ ማንም ሳይጠይቃቸው አንድ አንቀጽ ጽፈዋል። በክፍላቸው ውስጥ ማንጆ እየተባሉ ከሌላው ተነጥለው ከኖሩ ወገኖቻችን ቤት የሚመጡ አራት ሕፃናት እንደነበሩ፣ ሌሎቹ ወላጆች እንዳያኮርፉ ብለው ለብቻቸው ከኋላ ዴስክ እንዳስቀመጧቸው፣ በዓመቱ አጋማሽ አራቱም ትምህርት እንዳቋረጡ ይናገራሉ። አንቀጹ “አስተማሪ ነኝ ብዬ ያባረርኳቸው እኔ ነኝ፤ የመመረቂያ ጥያቄዬ የመጣው ከዚያ ዴስክ ነው” በሚል ያበቃል። የቅጥር ኮሚቴያችን ይህን ሲያነብ ምን እንደተሰማው ቃለ ጉባኤው አይናገርም።

ከ1990 እስከ 1995 ዓ.ም. ልጃቸውን ይዘው ወደ ቦንጋ በመምጣት በገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው በእግር ስፌት መኪና ልብስ ይሰፉ ነበር።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በክረምት መርሐ ግብር ሶሲዮሎጂ ተምረው በ2000 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ቀጥለውም ለሁለት ዓመት በአንድ የአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያ የገጠር ሴቶችን ፕሮግራም አዘጋጁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይተላለፍ የነበረው ይህ ፕሮግራም እንግዳ ወደ ስቱዲዮ አይጠራም፤ አዘጋጇ መቅረጫውን ይዘው እንግዳዋ ቤት ይሄዳሉ። በ2004 ዓ.ም. በማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሲይዙ አርባ ዓመት ሞልቷቸው ነበር።

በ2005 ዓ.ም. በረዳት ተመራማሪነት ማዕከላችንን ተቀላቀሉ። በቅጥር ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ የኮሚቴ አባል “መምህርት፣ ልብስ ሰፊ፣ የሬዲዮ አዘጋጅ፤ ይቺ ሴት በመጨረሻ የቱ ነች?” ብለው መጠየቃቸው ተመዝግቧል። ተሳቀ የሚል ቃል በቅንፍ ገብቷል። ያሳቀን ነገር ዛሬ አይታየንም።

አሁን ወደ ቅጾቹ እንመጣለን። የማዕከሉ መግለጫ አርቃቂዎች በዚህ ክፍል ላይ አራት ጊዜ ተሰብስበዋል። በመጀመሪያው ረቂቅ “በመስክ ሥራ ወቅት አንዳንድ የመረጃ ክፍተቶች ተስተውለዋል” ተብሎ ነበር። በሁለተኛው “አንዳንድ” የሚለው ወጣ። ሦስተኛው ጉዳዩን በጊዜው ለነበረው ከባድ ዝናብ ሰጠው። እንዲህ ዳር ዳሩን ስንዞር ከመካከላችን አንዲት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነገሩን በስሙ እንጥራው ስላሉን ይኸው በስሙ ጠርተነዋል፦ ውሸት ነው።

በ2006 ዓ.ም. ማዕከላችን በዞኑ በተመረጡ ቀበሌዎች የቤተሰብ ጥናት አካሂዷል። ዓላማው ተጨማሪ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የት የት ቢሠሩ እንደሚሻል ለሚመለከታቸው ክፍሎች ሐሳብ ማቅረብ ነበር። ከሺሺንዳ ወጣ ብላ በጫካው ጥግ ያለች አንዲት መንደር በጥናቱ ተካትታለች። ነዋሪዎቿ ስሟ እንዳይጠቀስ ስለጠየቁን አንጠቅስም። አርባ አንድ ቤቶች አሏት፤ የሚኖሩባቸውም ከላይ ያነሣናቸው ወገኖች ናቸው።

በአካባቢያችን ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የእነዚህን ወገኖች ደጅ መርገጥና ቤታቸው መብላት እንደ ነውር ሲቆጠር የኖረ ነው። የማዕከሉ መረጃ ሰብሳቢዎች የተማሩ ነበሩ፤ ቢጠየቁ ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላሉ፣ ከልባቸውም ይሉታል። ነገር ግን አንድ ቤት ገብተው ከተቀመጡ የቤቱ ባለቤት የሚቀመስ ያቀርባል። እምቢ ማለት ሰውን ፊት ለፊት መስደብ ነው። መቅመስ ደግሞ ወሬው ቤተሰብ ዘንድ ደርሶ በገዛ ወላጅ ማዕድ መገለልን ሊያመጣ ይችላል። የመንደሯ ቅጾች የተሰጡት መረጃ ሰብሳቢ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥ ይልቅ ጭራሽ አለመግባትን መረጠ። ከመንደሯ በላይ ባለው መንገድ ዳር ቆሞ፣ ወደ ገበያ የሚያልፍ የሌላ መንደር ሰው እየጠየቀ፣ አርባ አንዱንም ቅጽ በአንድ ረፋድ ሞላ። “ዕድሜው ለትምህርት የደረሰ ልጅ ብዛት” በሚለው ሣጥን ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ዜሮ ተጻፈ። በእያንዳንዱ ቅጽ ግርጌም ያው አንድ ሰው ፈርሟል።

ማዕከሉ ቅጾቹን ተቀበለ። የአስተባባሪው ክፍል አርባ አንድ ቤት ውስጥ አንድም ልጅ አለመኖሩ ግር አላለውም፣ ወይም ግር ብሎት ዝም አለ። የቱ እንደሆነ ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ በየሰዉ ይለያያል። ሪፖርቱ ታተመ፤ ትምህርት ቤቱም ከመንደሯ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ሌላ ቀበሌ እንዲሠራ ሐሳብ ቀረበ፣ ተሠራም።

በኅዳር 2007 ዓ.ም. ወ/ሮ ወሰንየለሽ በሌላ ሥራ ምክንያት በመንደሯ ሲያልፉ ልጆች አዩ። አይተው ዝም ብለው አላለፉም። ለሰባት ሳምንት ቅዳሜና እሑድ በራሳቸው ጊዜ እየሄዱ ቤት ለቤት ገቡ፤ የቀረበላቸውንም በሉ። እትዬ ተሾመች የተባሉ የመንደሯ ነዋሪ ለአርቃቂዎቹ እንደነገሩን፣ የመጀመሪያ ቀን ሲገቡ የቤቱ ሰዎች ግራ ተጋብተው ለመቀመጫ ጆንያ አነጠፉላቸው። እሳቸው ግን ጆንያውን አንሥተው መሬት ላይ ተቀመጡና መርፌና ክር አወጡ። “እዚህ ጆንያ ላይ ቤትሽን ስፊልኝ፣ ከዚያ ወንዙን፣ ከዚያ ልጆችሽን” አሏቸው። እትዬ ተሾመች በቅጻችን ላይ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። ባላቸው በሕይወት አሉ፤ ልጆቻቸው አራት ናቸው።

የማዕከላችን ተመራማሪ በጥናት ዘርፋቸው ትልቁን ሥራ የሠሩት በዚያች ጆንያ ላይ ነው። መጻፍ የማይችል ሰው ቤቱን በገዛ እጁ በክር ይሰፋል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቋጠሮ ነው፤ የታመመ ልጅ ክሩ ነጭ፣ ትምህርት የጀመረ ልጅ ክሩ ሰማያዊ ይሆናል። ሰፊው እየሰፋ ይናገራል፣ ተመራማሪዋ እየሰሙ ይጽፋሉ፣ በመጨረሻም የተጻፈው ለሰፊው በካፊኖኖ ተነቦ ይታረማል። በመንደሯ ጆንያ ላይ ስድሳ ሰባት ቋጠሮ ነበር። ሰማያዊ ክር አልነበረበትም።

ጥር 2007 ዓ.ም. ጆንያውን ይዘው የማዕከሉ የግምገማ ስብሰባ ላይ ቀረቡ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሪፖርቱ እንዲታረምና የትምህርት ቤቱ ቦታ እንደገና እንዲታይ ለሚመለከታቸው እንዲጻፍ ጠየቁ። ቃለ ጉባኤው ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ የተናገሩትን እንዲህ መዝግቦታል፦ “ጆንያ ዳታ አይደለም።” የወ/ሮ ወሰንየለሽ መልስም አለ፦ “ይሁን። ቅጹን የሞላው ሰው ግን እዚህ ተቀምጧል። ቤታቸው ገብቶ እንደሆነ እሱ ይንገራችሁ፤ እኔ ስሙን አልጠራም።” ከዚህ ቀጥሎ “ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ በመሆኑ ታልፏል” ይላል። በስብሰባው አሥራ አንድ ሰው ነበር። አንዳችንም አልተናገርንም።

በመጋቢት ወር “የተቋሙን ገጽታ በሚያጎድፍ ተግባር” የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። በ2008 ዓ.ም. ከምርምር ክፍል ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። እዚያ በነበሩበት ጊዜ አርባ አንዱን ቅጽ በአንድ አቃፊ አሰባስበው፣ ቀን ጽፈውበት በሥርዓት አስቀምጠዋል። ማጥፋትም ለሌላ ማሳየትም ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። በ2009 ዓ.ም. በገዛ ፈቃዳቸው ሥራ ለቀቁ። መሸኛ አላደረግንላቸውም።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ማዕከላችን የእኔ ነው የሚልበት ምንም መብት የለውም፤ የምንዘረዝረው መታወቅ ስላለበት ብቻ ነው። ከ2009 እስከ 2012 ዓ.ም. በጌሻ፣ በቢታና በሺሺንዳ ዙሪያ በአሥራ ሰባት መንደሮች የስፌት ካርታ አሠርተዋል። ኑሯቸውን የሚደጉሙት ወደ ስፌት መኪናቸው ተመልሰው የተማሪ ዩኒፎርም በመስፋት ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ጆንያዎቹን በሺሺንዳ ገበያ ቀን በገመድ ላይ ሰቅለው ለሕዝብ አሳዩ። ከየመንደሩ የመጡት ሰፊዎች በየካርታቸው አጠገብ ቆመው ለገበያተኛው ራሳቸው አስረዱ። ለገበያ የወጣ ሰው የእነዚያን ወገኖች ቃል ቆሞ ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ያን ቀን ነው። ከማዕከላችን ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ራቅ ብለን አይተን ተመለስን።

በ2014 ዓ.ም. በዚያች መንደር ሦስት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ተከፈተ። የውሳኔው መነሻ የተደረገው የወ/ሮ ወሰንየለሽ ካርታና እሱን ተከትሎ በኃላፊዎች የተደረገው ቆጠራ ነው። በምረቃው ላይ ማዕከላችን ዓይኑን በጨው አጥቦ የራሱን ባነር ሰቅሎ ነበር። እሳቸውን የጠራ የለም፤ ግን መጥተው ከእናቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጠው እንደነበር በኋላ ሰማን። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የጆንያው ፎቶግራፍ ያለ ስማቸው የዓመታዊ መጽሔታችን ሽፋን ሆኖ ወጣ። ጆንያ ዳታ አይደለም ያልነው እኛው ነን።

ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ሰባት ዓመት አልፏል። በጆንያው ላይ በቋጠሮ ከተሰፉት ስድሳ ሰባት ልጆች መካከል የአንደኛ ክፍል ዕድሜ ሳያልፍባቸው የገቡት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ አድገዋል። ከፊሎቹ ከሰል ያከስላሉ፣ ከፊሎቹ ማገዶ ተሸክመው ቦንጋ ይመጣሉ፤ ማገዶውን የምንገዛው እኛ ነን። ይህን ቁጥር ስንጽፍ ምን ብለን እንደምናጽናና አናውቅም።

ማዕከሉ የ2006ን ሪፖርት ከሥርጭት አንሥቷል። በ2007 የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ ሰርዟል፤ የተሰረዘበት ደብዳቤ ለቤተሰቡ ይሰጣል። አርባ አንዱ ቅጾች ለመንደሯ ነዋሪዎች እንዲነበቡላቸው ተወስኗል። እነዚህ ሁሉ በሳቸው ዕድሜ ሊደረጉ የሚችሉ ነበሩ። ቦንጋ ሐኪም ቤት ተኝተው በነበሩበት በመስከረም ወር እንኳ ማዕከሉ ከአልጋቸው አሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ነበር፤ የሄደ ሰው የለም።

ለልጃቸው ለወ/ሮ ፀደንያ፣ ለወንድማቸው ለጋሽ ዋለ፣ ለመላው ቤተሰባቸው፣ የስፌት ካርታውን ለሠሩ የአሥራ ሰባቱ መንደሮች ነዋሪዎች፣ በተለይም ከሺሺንዳ ማዶ ላለችው መንደር ሰዎች መጽናናትን እንመኛለን። ሐዘናችንን መቀበል አለመቀበል የእናንተ ፈንታ ነው።

የቀረው ስሙ ነው። እስከዚህ ድረስ በማዕከሉ ስም “እኛ” እያልን ጽፈናል፤ ይህን ግን “እኛ” ብሎ መጻፍ አይቻልም። ኮሚቴው ስሙ በማዕከሉ ኃላፊነት ሥር ተጠቃሎ እንዲታለፍ ሐሳብ አቅርቦልኝ ነበር፤ አልተቀበልኩም።

በ2006 ዓ.ም. የሃያ ስድስት ዓመት መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። መንገዱ ላይ ቆሜ አርባ አንዱን ቅጽ የሞላሁትና የፈረምኩት እኔ ነኝ። በጥር ስብሰባ ወ/ሮ ወሰንየለሽ ስሜን ሳይጠሩ ሲቀመጡ ከፊት ለፊታቸው ነበርኩ፤ አንገቴን ደፋሁ እንጂ አልተናገርኩም። በ2010 ዶክትሬቴን ይዤ ስመለስ፣ በ2013 የማዕከሉ ኃላፊ ስሆን፣ በመንገድ ባገኙኝ ቁጥር ቆመው ሰላም ይሉኝና “ኢያሱ፣ እዚያች መንደር እስካሁን አልደረስክም?” ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ሥራ በዝቶብኛል እላቸው ነበር።

እትዬ ተሾመች፣ ልጅ የለዎትም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጆችዎ ከአጥሩ ጀርባ ሲጫወቱ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር።

ኢያሱ ልዑልቃል (ዶ/ር)
የባርታ የማኅበራዊ ጥናት ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ኅዳር 2018 ዓ.ም.፣ ቦንጋ